ስለ ሣር አጨዳ፤ ጊዜውና መሣሪያው

የአንድ አገር ሀብት የሚታወቀው በትልልቅ ሕንፃና በረጅም መንገድ ብቻ አይደለም፤ በገበሬው ቤት ግድግዳ ላይ በተሰካው ማጭድም ይታወቃል። ትልቁ ሥራ በሁሉ ዓይን ስለሚታይ አመስጋኝም ነቃፊም አያጣም። ትንሹ ሥራ ግን ከልማድ ብዛት የተነሣ ሳይታይ ይኖራል፤ ጉዳቱም ሳይቈጠር ዓመት ካመት ይደጋገማል። ከነዚህ ሳይታዩ ከሚኖሩት ሥራዎች አንዱ የሣር አጨዳ ነው።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ የደጋው መስክ ሁሉ ለምለም ሣር ለብሶ ይታያል። ያንኑ መስክ በሚያዝያ ወይም በግንቦት የሚያየው ሰው ግን አፈሩ ተራቁቶ፥ ከብቱም ከድንጋይ መካከል የሣር ሥር ሲለቅም ያገኘዋል። በዚህ መካከል ያ ሁሉ ሣር ወዴት ሄደ ተብሎ ሲመረመር፥ ከፊሉ በእግር ተረግጦ እንደ ጠፋ፥ ከፊሉ ቆሞ ደርቆ ነፋስ እንደ ወሰደው፥ ከፊሉም ያለ ልክ እንደ ተጋጠ ይታወቃል። ታጭዶ ድርቆሽ ሆኖ ለክፉ ቀን የተቀመጠው ከሁሉ ያነሰው ነው፤ እርሱም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ከሚገባው ቀን ዘግይቶ የታጨደ ነው።

የዚህ ነገር ጉዳት እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 ዓ.ም. ባደረገው የናሙና ጥናት የኢትዮጵያ የቀንድ ከብት 70 ሚሊዮን ያህል ሆኖ ተገኝቷል፤ በዚህም ብዛት ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ ቀድማ ትገኛለች። ዳሩ ግን በከብት ብዛት አንደኛ የሆነች አገር በወተት አንደኛ አልሆነችም። «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» የተባለው ተረት ላም ለሌለው ሰው የተነገረ ቢሆንም፥ ላሟ በደጁ ቆማ ወተቷን ላላገኘውም የሚስማማ ሆኗል። መንግሥት ይህን ተመልክቶ በኅዳር 2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለውን ሥራ ጀምሯል። የተሻለ ዘር ማዳቀልና የከብት ሕክምና ማስፋፋት የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ላም የምትሰጠው ከበላችው ላይ ስለ ሆነ፥ መኖው ያልተሰናዳላት ምርጥ ላም ካልተመረጠችው ይልቅ ቶሎ ትከሳለች።

የበሬውም ነገር ከዚህ የባሰ ነው። በሬ ብርታቱ በብዙ የሚፈለግበት ወራት የክረምቱ እርሻ የሚጀመርበት ግንቦትና ሰኔ ነው፤ በሬ አጥንቱ ወጥቶ የሚታይበትም ወራት ይኸው ነው። የከሳ በሬ ቀንበር ሲጫንበት ገበሬው ፈሩን ጠልቆ ሊያርስ አይችልም፤ ዝናሙም ሲመጣ አይጠብቀውም። 250 ኪሎ የሚመዝን አንድ ከብት በቀን 6 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል። እንግዲህ አንድ ጥማድ በሬ የበጋውን መጨረሻ ሦስት ወር ያህል ሳይከሳ እንዲያልፍ ቢፈለግ፥ ከ10 ኩንታል የሚበልጥ መኖ ተከምሮ ሊቆየው ያስፈልጋል። ገለባው ተቈጥሮለት የጎደለውን የሚሞላው ድርቆሽ ነው፤ ይህም ድርቆሽ የሚገኘው በጥቅምትና በኅዳር ከሚሠራው ሥራ ብቻ ነው።

ሣር እንደ እህል አይደለም። እህል በደረቀ ጊዜ ይሰበሰባል፤ ሣር ግን ደርቆ ቢጠበቅ ጥቅሙን አጥቶ ይገኛል። ሣር ማበብ ሲጀምር፥ ማገጡም በመካከሉ አበባውን ሲያወጣ፥ ሥጋንና ወተትን የሚሠራው ፕሮቲን የተባለው ምግብ ገና በቅጠሉ ውስጥ ነው። ከዚህ ቀን በኋላ ዘሩ እየበሰለ፥ አገዳው እየጠነከረ፥ ቅጠሉም እየረገፈ ስለሚሄድ ፕሮቲኑ ዕለት ዕለት ይቀንሳል። በመኖ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከመቶ 7 እጅ ያህል በታች ሲወርድ፥ በከብቱ ሆድ ውስጥ ሆነው ሣሩን የሚያብላሉት ረቂቃን ነፍሳት ራሳቸው ይራባሉ፤ በዚህም ምክንያት ከብቱ ሣር በፊቱ ተከምሮለት ሳለ መብላቱን ይቀንሳል። ስለዚህ በኅዳር መጨረሻ የታጨደው ክምር በጥቅምት ከታጨደው ጋር በመጠን እኩል ቢሆንም በጥቅም እኩል አይደለም፤ ሻጩና ገዢውም በእስሩ ቍጥር ብቻ ሲዋዋሉ ይህን ልዩነት አያዩትም።

ገበሬው ይህን ባለማወቁ ብቻ ዘገየ ማለት ግን ፍርድ ማጓደል ይሆናል። አስቀድሞ ዝናሙ ይከለክለዋል፤ ሣሩ በሚያብብበት በመስከረም ደመናው ገና አልተገፈፈምና የታጨደው ሣር ሳይደርቅ ይሻግትበታል። እርጥብ ሆኖ የተከመረ ድርቆሽ ከውስጥ ይግላል፥ ይሻግታል፤ አንዳንድ ጊዜም ከራሱ ሙቀት የተነሣ እስከ መቃጠል ይደርሳል። ለመከመር የሚገባው እርጥበቱ ከመቶ ወደ 15 እጅ ሲወርድ ነው። ዝናሙ ካቆመ በኋላ ደግሞ ገብሱና ስንዴው፥ ከዚያም ጤፉ በተራ ይደርስበታል፤ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የልጆቹን እንጀራ መሰብሰቡ የማይቀር ነው። ስለዚህ ለሣር የሚተርፈው ቀን ጥቂት ነው፤ ጥቂት ቀን ባለበት ስፍራ ሁሉ ደግሞ ነገሩን የሚቈርጠው የመሣሪያው ፍጥነት ነው።

በኢትዮጵያ ገበሬ ዘንድ የተለመደው መሣሪያ በአንድ እጅ የሚያዘው አጭሩ ማጭድ ነው። አጫጁ ጎንበስ ብሎ በግራ እጁ ሣሩን ይጨብጣል፥ በቀኝ እጁ ይቈርጣል፥ የጨበጠውንም አስተካክሎ ያኖራል። ይህ ማጭድ የሚናቅ አይደለም። በገደል አፋፍ፥ በድንጋያማ ስፍራ፥ በእርከን ጠርዝና በዛፍ ሥር ከእርሱ የሚሻል መሣሪያ አይገኝም። ለቤት ክዳን የሚሆነውን ሰንበሌጥ ሳይሰብር ነዶ ነዶውን ለማሰር፥ ጤፉንም ሳያረግፍ ለማጨድ የእርሱን ያህል የሚሆን የለም። ነገር ግን ወገብን ያጎብጣል፤ በሰፊ መስክ ላይ ሲሆን ደግሞ ሥራው ቀስ ያለ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያዘገየው የስለቱ ነገር ነው። ዱልዱም ማጭድ ሣሩን አይቈርጠውም፤ ይጎትተዋል እንጂ። ሲጎትተውም ሥሩን ይነቅላል፥ የአጫጁንም ክንድ ያደክማል፥ ጕቶውንም ከፍና ዝቅ አድርጎ ይተዋል። ብዙ ሰው ማጭዱን በአጨዳው ዋዜማ አንድ ጊዜ አስሎ ወሩን ሙሉ ይሠራበታል፤ ይህም አንድ ጊዜ ተመግቦ ወሩን ሙሉ ለመጾም እንደ መሞከር ነው።

ሌሎች ሕዝቦች ስለዚህ ነገር ምን እንዳደረጉ መመልከት ይጠቅማል። በመጀመሪያው መቶ ዓመት የነበረው ሮማዊው ሊቅ ፕሊኒዮስ ስለ ፍጥረት በጻፈው መጽሐፍ በ18ኛው ክፍል ሁለት ዓይነት የሣር ማጭድ እንደ ነበረ ይናገራል። የኢጣልያው አጭርና በቍጥቋጦ መካከል እንኳ ለመሥራት የሚመች ሲሆን፥ የጋልያ ሰዎች ግን በሰፊው ርስታቸው ላይ ትልቁን ማጭድ ይጠቀሙ ነበር፤ ትልቁ ቶሎ ይጨርሳል፥ አጫጭሩን ሣር ግን ይተዋል። አንድ ሰው በቀን አንድ ዩጌሩም ሣር ማጨድ እንደሚገባውም ጽፏል። ዩጌሩም ማለት አንድ ጥማድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ ስፋቱም 2,500 ካሬ ሜትር ያህል ነው። የኢትዮጵያም ገበሬ መሬቱን በጥማድ ይለካል፤ በብዙ ስፍራም የጥማዱ ልክ ይኸው ሩብ ሄክታር ነው። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይመካከሩ አንዱን መለኪያ ያገኙት ከበሬው ጕልበት ነው።

ከዚያ በኋላ በአውሮጳ በሁለት እጅ የሚያዘው፥ እጀታው እስከ ሰው ትከሻ የሚደርሰው፥ ስለቱም ረጅምና ቀጭን የሆነው ትልቅ ማጭድ የሣር ዋና መሣሪያ ሆነ። አጫጁ ቀና ብሎ ቆሞ ወገቡን እያዞረ ስለቱን ከምድር ጋር አስጠግቶ ከቀኝ ወደ ግራ ይጠርገዋል፤ ሣሩም በግራው በኩል በአንድ መሥመር ተጋድሞ ይቀራል። የሠለጠነ አጫጅ በዚህ መሣሪያ በቀን አንድ ኤከር፥ ማለት ከ4,000 ካሬ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መስክ ያጭዳል ተብሎ ይገመታል። ሥራውም የሚጀመረው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ጤዛ ያረፈበት ሣር ለስለት ይመቻልና። ፀሐይ ስትወጣ የታጨደው ሣር ቀኑን ሙሉ ለመድረቅ ጊዜ ያገኛል። የጥቅምት ማለዳ ጤዛ በኢትዮጵያ ደጋም የታወቀ ስለ ሆነ ይህ ልማድ ለደጋው ገበሬ እንግዳ የሚሆንበት አይደለም።

የዚህ መሣሪያ ምሥጢሩ ግን በርዝመቱ አይደለም፤ በስለቱ አጠባበቅ ነው። በኦስትርያ የተለመደው ማጭድ ጠርዙ በትንሽ መስፍና በመዶሻ እየተቀጠቀጠ እንደ ወረቀት እስኪሳሳ ድረስ ይሰናዳል። በሥራ ላይ ሳለም አጫጁ በየጥቂቱ ደቂቃ ቆም ብሎ በሞረድ ይስለዋል፤ ሞረዱንም እርጥብ እንዲሆን ውኃ ባለበት የከብት ቀንድ ውስጥ አድርጎ በመታጠቂያው ላይ ይይዘዋል። ለመሳል የቆመበት ጊዜ የባከነ አይደለም፤ እንዲያውም ሥራውን የሚያፈጥነው እርሱ ነው። በላይኛው ኦስትርያ ይህ ጥበብ ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በውኃ ኀይል በሚንቀሳቀስ መዶሻ እየተሠራ እስከ ሩስያ ድረስ የሚሸጥ ትልቅ ንግድ ሆኖ ነበር፤ በሚሄልዶርፍ ከተማም የማጭድ ሠሪዎቹ ሥራ በሙዚየም ተጠብቆ ይታያል። በቦስንያና ሄርጸጎቪና በኩፕሬስ በየዓመቱ የሚደረገው የሣር አጨዳ ውድድርም በ2013 ዓ.ም. (እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2020) በዩኔስኮ የሰው ልጅ ቅርስ መዝገብ ላይ ተጽፏል። የተማሩትና የበለጸጉት ሕዝቦች ማጭድን እንደ ክብር ሲይዙት፥ በማጭድ የሚኖረው ሕዝብ ሊያቀልለው አይገባም።

ይህ ሁሉ ተባለ ማለት የሌላውን አገር መሣሪያ እንዳለ አምጥቶ ለገበሬው ማደል ይበቃል ማለት አይደለም። ትልቁ ማጭድ ድንጋይ የሌለበትና የተስተካከለ መስክ ይፈልጋል፤ ድንጋይ ሲነካ ስለቱ ይቀደዳል። እጀታው በአጫጁ ቁመት ልክ ካልተሠራ ወገብን ከማሳረፍ ይልቅ ይጎዳል። ስለቱን መቀጥቀጥና መሳል ያልተማረ ሰው በያዘው ጊዜም ከአጭሩ ማጭድ ያነሰ ሥራ ይሠራበታል። መሣሪያ ሲለወጥ የሥራ ድርሻም እንደሚለወጥ መታሰብ አለበት፤ በእንግሊዝ አገር የእህል አጨዳ ከአጭሩ ማጭድ ወደ ትልቁ ሲሻገር ወንዶች አጫጅ ሆነው ሲቀሩ ሴቶች ወደ ለቀማና ወደ ማሰር ተገፍተዋል፤ ደመወዛቸውም በዚያው መጠን አንሷል። ስለዚህ እንደ ሱሉልታ ባለው ሰፊ ጨፌ፥ ድርቆሹ ለአዲስ አበባ ወተት አምራቾች በሚሸጥበት ስፍራ ትልቁን ማጭድ መሞከር የሚገባ ሲሆን፥ በዳገቱና በእርከኑ ግን አጭሩ ማጭድ በደንብ ተስሎ እንዲሠራበት ማድረግ ይሻላል።

ማጨጃ መኪና ቢመጣ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል የሚል ሰው አይጠፋም። በአውሮጳና በአሜሪካ ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በፈረስ የሚጎተት፥ በኋላም በሞተር የሚሠራ ማጨጃ የእጁን ሥራ በብዙ ስፍራ ተክቶታል። ትራክተር የሚዞርበት ሜዳ ባለበትም ስፍራ መኪናው ቢገባ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን አብዛኛው የኢትዮጵያ ገበሬ የያዘው መሬት ጠባብና የተበታተነ፥ ብዙውም ተዳፋት ነው። ቤንዚኑና መለዋወጫው ከውጭ የሚመጣ ስለ ሆነ፥ ሞተሩ በአጨዳው ሳምንት ቢሰበር ሣሩ መካኒኩን አይጠብቀውም። መኪናው የሚደርስበት ቀን እስኪመጣ ድረስ የዘንድሮው ሣር በዘንድሮው እጅ መታጨድ አለበት።

ከመሣሪያው ቀጥሎ የሚያስፈልገው ሥርዓት ነው፤ ለዚህም ምሳሌ ለመፈለግ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። በሰሜን ሸዋ በመንዝ፥ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኘው የጓሣ ምድር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በሕዝቡ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ምድሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ በደረሰ ጊዜ በሽማግሌዎች ትእዛዝ ይከፈታል፤ አስቀድሞ ለቤት ክዳን፥ ለገመድና ለገሳ የሚሆነው ሣር ይታጨዳል፥ ከዚያም ከብት ይገባበታል። ይህ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ምክንያት ቢፈርስም፥ ሕዝቡ ጉዳቱን አይቶ በአዲስ መልክ መልሶ አቋቁሞታል። በዚህም ሣሩ ብቻ ሳይሆን በሌላ አገር የማይገኙት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ መጠጊያ አግኝተዋል። በትግራይና በአማራ ተራሮች ላይ ከብት እንዳይገባባቸው የተከለሉት ቦታዎችም ይህንኑ ያስተምራሉ፤ በክልሉ ውስጥ ሣሩ እየታጨደ ወደ ቤት ስለሚወሰድ አፈሩ አይረገጥም፥ ሣሩም ሥሩ ስለማይነቀል በከርሞው ክረምት መልሶ ያቈጠቍጣል። ዳሩ ግን ክልሉን ዘግቶ ማን እንደሚያጭድ፥ መቼ እንደሚያጭድ፥ ድርሻውም ስንት እንደ ሆነ ሳይወስኑ መተው ሣሩን ለእሳት ወይም ለሌባ ማቈየት ነው። ባልቴቲቱና አቅመ ደካማው፥ የሚያጭድላቸው ጕልማሳ ባይኖርም ድርሻቸው እንዳይጠፋ በደቦ የሚታጨድላቸውን ቀን መወሰን የቀበሌው ሹም ግዴታ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ የሚያሳፍር ነገር አለ። ማጭዱን የሚሠራው ቀጥቃጭ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ እንኳ ስለት ማውጣት የሚችል ባለ እጅ ሆኖ ሳለ፥ በብዙ ስፍራ ቡዳ እየተባለ ሲሰደብና ከማኅበር ሲገለል ኖሯል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ ዐዋጅ አስነግረው ነበር፤ ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም ስድቡ ከምላስ ሁሉ አልጠፋም። የተሰደበ አባት ልጁን የእርሱን ሙያ አያስተምርም፤ ባለ ሙያው ባለቀበት መንደርም ማጭዱ ዱልዱም ሆኖ ይቀራል። ነቢዩ ኢሳይያስ ስለ ሰላም ዘመን ሲናገር የጦር ወደ ማጭድ መለወጥን ምልክት አድርጎ ማቅረቡን ካህናት ሁሉ ያውቁታል። ጦሩን ወደ ማጭድ የሚለውጠው ከእሳቱ አጠገብ የቆመው ቀጥቃጭ ነው። ይህን ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ላይ ቆሞ ለሕዝብ ማስረዳት ከማንም ይልቅ ለካህኑ የሚቻለው ነው።

እንግዲህ ሊደረግ የሚገባው ነገር ከባድ ገንዘብ የሚፈልግ አይደለም። የግብርና ባለሥልጣኖች በገበሬዎች ማሠልጠኛ ጣቢያዎች በአንድ መስክ ላይ ሦስት ዓይነት ሥራ ጎን ለጎን ያስፈትኑ፤ አንዱ በተለመደው ማጭድ፥ ሁለተኛው ሞረድ ይዞ በየጊዜው በሚሳል ማጭድ፥ ሦስተኛው በሁለት እጅ በሚያዘው ትልቅ ማጭድ ይሁን። የታጨደው ስፋት፥ የሣሩ መጠን፥ የሰውም ድካም በጽሕፈት ይመዝገብ፤ ውጤቱም ገበሬው በዓይኑ አይቶ ይፍረደው። የሙያ ትምህርት ቤቶች ቀጥቃጩን ጠርተው ስለ ብረት አነዳድና ስለ ስለት አያያዝ ያወያዩት፤ እነርሱም ከእርሱ የሚማሩት አያጡም። በየወረዳው የሣሩ አበባና የሰማዩ ሁኔታ ታይቶ የአጨዳው ሳምንት ይወሰን፤ ካህናቱም ቀኑን ለምእመናን ያስታውቁ፥ በቤተ ክርስቲያኑም ግቢ ያለውን ሣር በጊዜው አሳጭደው ለሌላው ምሳሌ ይሁኑ።

ብረት መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው፤ ሣርም ማጨድ እንዳበበ ነው። ሁለቱም ቀናቸው ካለፈ በኋላ ጕልበት ቢጨመርባቸው አይመለሱም። የሚመጣው ግንቦት የሚያገኘው በሬ የከሳ ወይም የጠነከረ እንዲሆን የሚወሰነው በግንቦት አይደለም፤ በጥቅምት ማለዳ፥ ጤዛው ሳይረግፍ፥ በተሳለ ማጭድ ነው።